ደብተር አይሸመደድም፤ ይፈረሳል

ፈተና ሊደርስ ዐሥር ቀን ሲቀረው በየዶርሙ የሚታየው ትርዒት ያው ነው። አንዱ ደብተሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢጫ ይቀባል፤ ሲጨርስ ያልተቀባ መስመር ስለማይቀር አስፈላጊው ካላስፈላጊው አይለይም። ሌላው የተዝረከረከ ኖቱን በአዲስ ደብተር፣ በሦስት ዓይነት እስክርቢቶ፣ በማስመሪያ እያሰመረ «ያጸዳል»። ሦስተኛው ኮሪደር ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳ፣ ኤሌና እያለ እንደ ዳዊት ይደግማል። አራተኛው ከነጭራሹ ኖት የለውም፤ ወይ የሲኒየር ኖት ሊያባዛ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰልፏል፣ ወይ ሰሌዳውን በስልኩ ያነሣበትን መቶ ምናምን ፎቶ በጣቱ እየገፋ ያያል። አራቱንም «ምን እየሠራችሁ ነው?» ብትሏቸው «ጥናት ላይ ነን» ይሏችኋል።

እኔ ግን አላጠናችሁም እላለሁ። ይህን የምለው ከሰገነት ላይ ሆኜ አይደለም፤ አራቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ።

ባለፈው ዓመት ለታሪክ ፋይናል ስዘጋጅ 84 ገጽ ኖት ነበረኝ። ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ ቸክዬዋለሁ። ከመካከሉ ገጽ ጥሩልኝ ብላችሁ ብታዙኝ ስንተኛው መስመር ላይ ምን እንዳለ ልነግራችሁ እችል ነበር። ገብቼ ወረቀቱን ስገልጠው ግማሹን ማርክ የያዘው ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ ምኒልክ የውጫሌን ውል በ1881 ዓ.ም. ለምን ፈረሙ? አንቀጽ 17 ካጣላቸው በኋላስ ውሉን እስኪሰርዙ ድረስ ዓመታት ያህል ለምን ቆዩ? እኔም የማውቀውን ሁሉ አፈሰስሁት። የክተት ዐዋጁን፣ የአምባላጌን ውጊያ፣ የመቀሌን ከበባ፣ የኢጣሊያን አዛዦች ስም ከነማዕርጋቸው። አምስት ገጽ ሞላሁ፤ እጄ እስኪያብጥ። ወረቀቱ ሲመለስ በጥጉ ላይ በቀይ «ያልጠየቅሁህን ሁሉ መልሰሃል» የሚል ተጽፎበት፣ ከሥሩ ዲ ተቀምጣለች።

ሁለት ሳምንት መምህሩን አማሁ። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐሜቱም ሲሰለቸኝ፣ መልሱ የት ነበር ብዬ ደብተሬን ገለጥሁ። ለካስ እዚያው ነበረ! በገዛ እጄ ተጽፎ። ብቻ አንድ ቦታ አልነበረም። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ መውደቃቸው ገጽ 31 ላይ፣ «የድርቡሽ ጦርነት» በሚለው ትምህርት ሥር ነበረ። የውጫሌ ውል ገጽ 47 ላይ፣ «የውጭ ግንኙነት» በሚለው ሥር። ክፉ ቀን፣ ያ ከብቱን የጨረሰው በሽታና ተከትሎት የመጣው ረኀብ ደግሞ ገጽ 69 ላይ፣ «ማኅበራዊ ሁኔታ» በሚለው ሥር፤ እሱንም ያን ዕለት አርፍጄ ስለገባሁ በግማሽ ገጽ። ሦስቱ በሦስት የተለያዩ ሳምንታት የተማርኳቸው፣ በሦስት ርእስ የተከፈሉ «ትምህርቶች» ናቸው። ምኒልክ ግን በሦስት ርእስ አልኖሩም። መጋቢት 1881 ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ይወድቃሉ፤ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን ውጫሌ ላይ ከአንቶኔሊ ጋር ውል ይፈረማል፤ በዚሁ ዓመት ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጥቶ በእጁ መሬት ይቆፍራል። ዘውዱ ገና አልተጫነም፤ የሚጫነው በጥቅምት 1882 ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ሰው ከባሕሩ በር በኩል መሣሪያ የሚያስገባለት፣ ንጉሥነቱን የሚያውቅለት ወዳጅ ምን ማለት እንደሆነ ለማስተዋል ሦስቱን ገጽ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። እኔ ግን 84ቱን ገጽ በቃሌ ይዤ ሦስቱን ገጽ ጎን ለጎን አላስቀመጥኋቸውም።

ክርክሬ ይህ ነው እንግዲህ። ኖት የተጻፈው መምህሩ በተናገሩበት ቅደም ተከተል ነው። ያን ቅደም ተከተል የወሰነው የኮርሱ ማውጫ፣ የሰሚስተሩ ርዝመት፣ የበዓላቱ ቀን፣ አንዳንዴም የመብራት መጥፋት ነው። ፈታኙ የሚጠይቀው ግን በሌላ ቅደም ተከተል ነው፤ ለምን ሆነ፣ ምን አስከተለ፣ ከዚያኛው በምን ይለያል ብሎ። እንግዲህ ደብተሩን እንዳለ የሸመደደ ሰው ቤት ሥራ ተብሎ የእንጨት ክምር በቃሉ የያዘ ሰው ነው። ቤት የሚሆነው ክምሩ ሲፈርስ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዘመን አቆጣጠር ካልተናገርሁ ሆዴ አይሽርም። ደብተሮቻችን በሁለት ዘመን የተሞሉ ናቸው። መምህሩ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሲናገሩ 1896 ይላሉ፤ ከአማርኛው ሲጠቅሱ 1888 ይላሉ፤ እኛም እንደሰማን እንጭራለን፤ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. የሚጽፍ ከመቶ አንድ ነው። አንድ ጓደኛዬ (ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም ሲያየኝ ያፍራል) «የዓድዋ ጦርነት ከ1888 እስከ 1896 ለስምንት ዓመታት የተካሄደ» ብሎ ጽፎ አስረክቧል። ስቀን ሞትን። ግን ስቀን ሳንጨርስ የራሳችንን ደብተር ብንገልጥ ይሻል ነበር። የእኔን ገለጥሁ፦ ገጽ 69 ላይ «1888፦ የከብት በሽታ ተዛመተ» ይላል። ገጽ 52 ላይ «1888፦ ዓድዋ» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ስምንት ዓመት አለ። ይህ ስምንት ዓመት ተራ ቁጥር አይደለም። አገሪቱ በሬዋን አጥታ ከወደቀችበት ተነሥታ መቶ ሺህ ያህል ጦር ወደ ሰሜን ለማዝመት የቻለችበት ዘመን ነው። ደብተሬ ሁለቱን በአንድ ዓመት አጣብቆ ያን የማገገሚያ ዘመን ሰርዞታል። ታዲያ እኔ ምን ተማርሁ?

«ስምንት መቀነስ ነው፣ ምን ያካብደዋል» የሚል አይጠፋም። ስምንት ሁልጊዜ አይቀነስም፣ ወንድሜ! ከመስከረም ጀምሮ ፈረንጆቹ ዘመን እስኪለውጡ ድረስ የሚቀነሰው ሰባት ነው። አምባላጌ የሆነው በታኅሣሥ 1895 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ነው፤ ሰባት ስትቀንስ ኅዳር 1888 ይሆንልሃል፤ ዓድዋም የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ በመካከላቸው ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። ስምንት ከቀነስህ ግን አምባላጌን 1887 ላይ ትጥለዋለህ፤ የአንድ በጋ ዘመቻ የሁለት ዓመት ጦርነት ይሆናል። የአዲስ አበባው የሰላም ውልም እንዲሁ ነው፤ ጥቅምት 1896 እ.ኤ.አ. ማለት 1889 ዓ.ም. ነው። ደግሞ ለነገረኛ ጓደኛ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ዓድዋ የተደረገው በፈረንጆቹ ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ የካቲት 23ን የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ነው። ማንም አልተሳሳተም። ፈረንጆቹ በ1900 ጳጉሜን ስድስት እንደምንላት ያለችውን የፌብሩዋሪ 29 ቀን ስለዘለሉ በመካከላችን ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ።

እሺ፣ እንዴት ነው የሚፈረሰው? የራሴን እነግራችኋለሁ፤ የተሻለ ያለው ይምጣና ይሟገተኝ።

ደብተሩን አልገለብጥም፤ አላጸዳም። የተበታተነ ወረቀት እወስዳለሁ። በእያንዳንዱ ራስ ላይ ርእስ አልጽፍም፤ ጥያቄ እጽፋለሁ። «የውጫሌ ውል» ርእስ ነው፤ ምንም አይጠይቅህም፤ ዝም ብሎ ይተኛል። «ውሉ በ1881 ተፈርሞ የተሰረዘው በ1885 ለምንድን ነው?» ግን ደብተሩን ያስገልጥሃል። ከዚያ ከየገጹ እለቅማለሁ። ኢጣሊያ በጥቅምት 1889 እ.ኤ.አ. አንቀጽ 17ን ይዛ ለኃያላኑ መንግሥታት ማስታወቋን ከገጽ 48፤ ደጃዝማች መኰንን (በኋላ ራስ) ወደ ኢጣሊያ ተልከው የአራት ሚሊዮን ሊሬ ብድር መገኘቱን ከገጽ 49፤ ምኒልክ መንገሣቸውን ለእንግሊዝ ንግሥት ጽፈው በኢጣሊያ በኩል ተላላክ የሚል መንፈስ ያለው መልስ እንደመጣላቸው ከገጽ 50 ጥግ፣ በእርሳስ ከተጻፈው፤ ረኀቡ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ መዝለቁን ከገጽ 69። አራት ከተለያየ ቦታ የመጡ መስመሮች አንድ ወረቀት ላይ ሲተያዩ መልሱ ራሱ መናገር ይጀምራል፦ ሰውዬው ነገሩን ካወቁ ቆይተዋል፤ ግን የተራበ አገርና ያልተከፈለ ብድር ይዞ ኃያል መንግሥትን መጣላት እንዴት ይሆናል?

ከዚያ ወረቀቱን እገለብጠውና ጥያቄውን ብቻ እያየሁ መልሱን በሌላ ብጣሽ ላይ ከራሴ እጽፋለሁ። የሚያሳፍር ሥራ ነው፤ አሁን ያነበብሁት ሁሉ ይጠፋኛል። ሲጠፋኝ ወደ ወረቀቱ ተመልሼ የጎደለውን ብቻ አያለሁ። በሦስተኛው ቀን እንደገና፣ በሳምንቱ እንደገና። ደብተር ሲያነቡ ማደርና በዚህ መካከል ያለው ልዩነት የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒክ የሚባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ከፋፍለው አንዳንዱን አንድ ጽሑፍ ደጋግሞ አስነብበዋል፤ ሌላውን ደግሞ አንብቦ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን እንዲጽፍ አድርገዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ያለ ጽሑፍ የጻፉት በሰፊው በለጡ። ችካሊያም ሁሉ የሚታለልባት አምስቷ ደቂቃ ይህች ናት! ማታ ደብተሩን ሲዘጋ ሁሉም አለ፤ አወቅሁት ብሎ ይተኛል።

(በነገራችን ላይ ኤቢንግሃውስ የሚባለው ጀርመናዊ ሰው እንዴት እንደሚረሳ በራሱ ላይ ሞክሮ መጽሐፉን ያወጣው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኢጣሊያኖች ምጽዋን በያዙበት ዓመት። ሙከራውን ያደረገው ሆን ብሎ ትርጉም በሌላቸው ክፍለ ቃላት ነበር። እኛ ትርጉም ያለውን ታሪክ ወስደን አልቤርቶኔ፣ አሪሞንዲ እያልን ወደ እሱ ዓይነት ክፍለ ቃላት እንለውጣለን።)

አሁን ወደሚመጡብኝ ሙግቶች ልለፍ። «ጊዜ የለም» የሚለውን በአጭሩ፦ ሦስት ቀን ደብተር ለማጽዳት ጊዜ ነበራችሁ። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው።

«መምህሩ የሚፈልጉት የራሳቸውን ቃል ነው» የሚለው ግን እውነትነት አለው፤ አልክድም። የተናገሩትን ቃል በቃል ካልመለሱላቸው ማርክ የማይሰጡ አሉ። ምርጫ ብቻ የሚያወጡም አሉ፤ ለነሱ ዓመተ ምሕረትና ስም መያዝ ግድ ነው። ይያዝ! እኔም ይዣለሁ። ከሂዌት ውል እስከ አዲስ አበባው ውል ድረስ ያለውን ዘመን ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ይሸፍነዋል፤ 1876 የሂዌት ውል፣ 1877 ምጽዋ፣ 1879 ዶጋሊ፣ 1880 የከብቱ እልቂት፣ 1881 መተማና ውጫሌ፣ 1882 ኤርትራ የኢጣሊያ ቅኝ ግዛት ተብላ መታወጇ፣ 1885 የውሉ ስረዛ፣ 1888 አምባላጌና ዓድዋ፣ 1889 ሰላሙ። ይህ እንደ ካስማ ነው፤ በየካስማው ላይ ገመድ ትወጥራለህ። ችግሩ ካስማውን ተክሎ ድንኳን አለኝ የሚለው ሰው ነው። ከተደማመሩ ደግሞ ዐሥራ አንድ ነገር በአንድ ከሰዓት ይያዛል እንጂ 84 ገጽ አያስፈልገውም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ሦስተኛው ሙግት ነው። «የአባቶቻችን ትምህርት በቃል ነበር፤ ሽምደዳ ባህላችን ነው» ይሉናል። ይህን የሚል ሰው የቅኔ ቤት ደጃፍ ያላየ ነው። አዎን፣ ንባቡም ዜማውም በቃል ይያዛል፤ የቅኔ ተማሪም ግሱን ሌት ተቀን ያወርዳል። ግን ግስ ማውረዱ ለምንድን ነው? በማግሥቱ የራሱን ቅኔ ሊቆጥር ነው! ትንሿን ጉባኤ ቃና እንኳ ቢሆን ሜዳ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አውጥቶ አውርዶ፣ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ መንገር አለበት፤ መምህሩም ያርሙታል፣ ይጥሉበታል፣ ያነሡለታል። የትናንቱን የመምህሩን ቅኔ ደግሞ በማቅረብ ባለ ቅኔ የተባለ የለም። ከቃል ጥናት ላይ ግማሹን ብቻ ቆርጠን ወስደን፣ መፍጠሩን ጥለን፣ «የአባቶቻችን» ማለት አባቶችን ማማት ነው።

ከትርጓሜ ቤትም የወሰድሁት አንድ መሣሪያ አለኝ፤ በነጻ እሰጣችኋለሁ። አንድ ቃል ሲፈታ ሊቃውንቱ በአንድ ፍች አያቆሙም፤ «አንድም» ብለው ሌላውን ይጨምራሉ። በጥያቄ ወረቀቶቼ ሁሉ ኅዳግ ላይ ይህን ቃል እጽፋለሁ። አንቀጽ 17ን እንውሰድ። የአማርኛው ምኒልክ ቢፈልጉ በኢጣሊያ መንግሥት በኩል መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገራል፤ የኢጣሊያንኛው ወደ ግዴታ ያዞረዋል። ደብተሬ ላይ ያለው «በትርጉም ስሕተት» የምትል ግማሽ መስመር ናት። አንድም፣ አንቶኔሊ ልዩነቱን እያወቀ ሆን ብሎ ያደረገው ነው። አንድም፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን ትርጉም ይዞ ሄደ። ስቬን ሩቤንሰንና ካርሎ ጂሊዮ የሚባሉት ታሪክ ጸሐፊዎች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአንድ መጽሔት ላይ ጽሑፍ በጽሑፍ የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። እኔ ደብተር ላይ ያቺን ግማሽ መስመር ቢጫ ቀባኋት! «አንድም» ብሎ የጻፈ ተማሪ ግን «ተወያይ» የሚል ጥያቄ ሲመጣበት የሚወያየው ነገር አለው።

ስለ ግሬድ ብቻ የማወራ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ዲዋን ረስቻታለሁ ማለት ይቻላል። ያልረሳሁት ሌላ ነው። ካፌ ስንቀመጥ ስለ ታሪክ እንዴት እንደምንጣላ ታውቃላችሁ። አንዱ ምኒልክን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀድሳል፣ ሌላው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይረግማል፤ ሻዩ ይቀዘቅዛል፤ ጓደኛሞች ተኳርፈው ይነሣሉ። አንድ ቀን ከነሱ መካከል ሆኜ፣ እኔም እየጮኽሁ፣ ድንገት ገባኝ፦ ሁላችንም የምንወራወረው የደብተር መስመር ነው። ማናችንም ብንሆን «ያን ዓመት ሌላ ምን ሆኖ ነበር?» ብለን አልጠየቅንም። ማናችንም «አንድም» አላልንም። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የሚባለውን የጋራ ኮርስ ሁላችንም ወስደን ማርክ ይዘን ወጥተናል፤ አብዛኞቻችን ኤና ቢ። ሸምድደን ያለፍነውን ነገር ዛሬ እንደ ድንጋይ እንወራወረዋለን፤ ለድንጋይነት ደግሞ ሽምደዳ ይመቻል፤ ጠንካራና ድፍን ነውና።

ስለ ግሩፕ ጥናትም አንድ ቃል። አንዱ ኖት እያነበበ አምስቱ የሚያንቀላፉበት ግሩፕ ግሩፕ አይደለም፤ ለቅሶ ቤት ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የምናደርገው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይመጣል፤ ደብተር ውጭ ይቀራል፤ የተጠየቀው በአፉ ይመልሳል፤ ጠያቂው «ለምን?» እያለ እስኪያቅተው ድረስ ያሳድደዋል። የሚያቅትበት ቦታ ይጻፋል። ማታ ደብተር የሚገለጠው ለዚያ ቦታ ብቻ ነው። አንዳንዴ እንጣላለን፤ ግን በዚህ ዓይነት ጥል የተኳረፈ እስካሁን የለም።

ከዚህ ወዲህ ብዙዎች «እነዚያን ወረቀቶችህን አበድረን፣ ኮፒ እናድርግ» እያላችሁኛል። አላበድርም። ስስት እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀቶቼ ለእናንተ አይረቡም። እኔ ደብተሬን ሳፈርስ ነው እንጂ ወረቀቱን ሳይ አይደለም የተማርሁት፤ እናንተ ብትወስዱት ያው የሲኒየር ኖት ይሆንባችኋል፤ ቢጫም ትቀቡት ይሆናል። ጥያቄዎቹን ግን ውሰዱ። መተማ ላይ ዮሐንስ ባይወድቁ አንቶኔሊ ውጫሌ ላይ የሚፈርመው ከማን ጋር ነበር? በ1879 ዶጋሊ ላይ የተመታችው ኢጣሊያ በ1881 የምኒልክ ወዳጅ እንዴት ሆነች? በ1880 በሬ ያልነበረው ገበሬ በ1888 ለዚያ ሁሉ ጦር ስንቅ ከየት አመጣ? አንቀጽ 17 ባይኖር ኖሮ ዓድዋ ይቀር ነበር?

በመጨረሻዋ ላይ እኔና የዶርም ጓደኛዬ እስካሁን አልተስማማንም። እሱ ይቀር ነበር ይላል፤ እኔ አይቀርም እላለሁ፤ የኤርትራን መታወጅ ይዤ ነው የምከራከረው። ሐሙስ ማታ ከራት በኋላ ላይብረሪው ደረጃ ላይ ነን። ደብተራችሁን ዶርም ትታችሁ ኑ።